ሰባ ቦንዳ ሌሶ

ሞምባሳ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2006

የመጋዘኑ ጣራ በባሕሩ በኩል አፈሰሰ።

ለወንድሜ ልጅ ለዙዌና፤ ሰላምና እዝነት ባንቺ፣ በባልሽ በሐሪብና በልጅሽ በሙና ላይ ይውረድ። ወሬውን ከሰላምታው አስቀደምኩ ብለሽ አትቀየሚ። አባትሽም ሲጽፍልኝ እንዲሁ ነበር፤ መጀመሪያ የፈሰሰውን፣ ቀጥሎ ሰላምታውን።

አራት ቦንዳ ከሥሩ ረጥቧል። እኔና ካሪሳ ፈትተን ሌሶዎቹን፣ ያን ሁሉ ባለ ቀለም የሴት ሽርጥ፣ ጣራው ላይ አሰጣናቸው። ከመንገድ ያየ ሁሉ ሰርግ ያለን መስሎት «ሙሽራዋ ማን ናት?» እያለ ይጣራል። ካሪሳም ከላይ ሆኖ «አለቃዬ ናቸው! ባል እየፈለግንላቸው ነው!» ይላል። ይህን ያወቅሁት ራሱ ኋላ ሲነግረኝ ነው። ጆሮዬ ካምናው ብሷል። ስልክ አትደውዪልኝ፤ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው እንደ ማራገቢያ ይጮኻል እንጂ ቃል አይወጣውም። ጻፊልኝ። የተጻፈ ነገር ደጋግሞ ይነበባል።

አባትሽ ካረፈ ሰባት ወሩ ነው። ሕንፃውን በሕይወቱ ሳለ በስምሽ አዙሮታል፤ ውስጡ ያለው ዕቃ የሁለታችን ነው። ስለዚህ ያላንቺ ቃል አንድ ምስማር አልመታም። የምጠይቅሽ የሠላሳ ቆርቆሮ ዋጋ ነው። ትልቁ ዝናብ በማርች መጨረሻ ይገባል።

አጎትሽ አትማን


ሙስካት፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2006

ለማከብርዎ አጎቴ፤ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልኝ። እኛ በእርስዎ ዱዓ ደህና ነን። ሙና ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። ሐሪብ ሰሞኑን ቤት ነው፤ እጅዎን ስሟል ብለሽ ጻፊልኝ ብሎኛል።

ስለ ጣራው የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ቆርቆሮ ከመግዛታችን በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መጋዘኑ በዓመት ምን ያህል ይበላል? የዘበኛው፣ የካሪሳ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ የምስጥ መድኃኒቱ፣ መብራቱ፣ አሁን ደግሞ ጣራው።

እንደሚያውቁት የምሠራው ማትራህ ወደብ አጠገብ ካለ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ነው። እዚህ የራሱ መጋዘን ያለው ነጋዴ እየቀነሰ ነው። ዕቃቸውን ለዚሁ ሥራ ለቆመ ድርጅት ይሰጣሉ፤ ድርጅቱ ያስቀምጣል፣ ይቆጥራል፣ በራሱ መኪና ለየሱቁ ያደርሳል። የሚከፈለው በተቀመጠው ዕቃ ልክ ነው። ዕቃው ሲያልቅ ክፍያውም ያልቃል። መጋዘን ግን ባዶውንም ቆሞ ይበላል።

ሞምባሳም ሚሪቲኒ ላይ እንዲህ ያለ ድርጅት ተከፍቷል። ቢሯችን ያውቃቸዋል። ይህ ጥያቄ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም፤ እስቲ ያስቡበት። ጣራውን ለጊዜው በሸራ ይሸፍኑት።

ልጅዎ ዙዌና


ሞምባሳ፣ ማርች 19 ቀን 2006

ለልጄ ለዙዌና፤ አላህ ቤትሽን በሰላም ይሙላው። ሐሪብ ሰሞኑን ቤት ነው ማለትሽ አልገባኝም። ከታመመ ንገሪኝ።

መጋዘኑ ምን ይበላል ላልሽው መልሱን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። ምን እንደሚያበላ ግን እዚያ ወረቀት ላይ የሚጻፍበት ቦታ አላገኘሁም። ስለዚህ ያለፈውን ማክሰኞ ልንገርሽ።

ሪዚኪ መጣች። ቢያሻራ መንገድ ላይ ሱቅ ያላት፣ የእናትሽ ጓደኛ የነበረችው። ደንቆሮ ስለሆንኩ ከበሩ ጀምራ ትጮኻለች።

«አትማን! ዛሬ ደግሞ የትኛው ጆሮህ ነው የሚሠራው?»

«ዋጋ የሚሰማው።»

«እሱማ መች ደንቁሮ ያውቃል!»

ሊኮኒ ሰርግ አለና አሥራ ሁለት ጥንድ ኪሱቱ ትፈልጋለች፤ ያንን ቀይና ጥቁር፣ ሙሽራ ያለ እሱ ከቤት የማትወጣበትን። አንዱን ዘረጋሁላት። ሁለቱ ሌሶ ባንድ ጨርቅ ላይ ተያይዘው ታትመው ነው የሚመጡት፤ ሪዚኪ መካከሉን ከዳር እስከ ዳር በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። መቀስ እንዳልነካው አየች። መቁረጥ የገዢዋ ነው። ተቆርጦ የመጣ ሌሶ ሌላ ሴት ገላ ላይ የዋለ ነው፤ ይህን ላንቺ አልነግርሽም።

ዘጠኝ ጥንድ ሰጠኋት።

«አሥራ ሁለት አልኩህ እኮ።»

«ዘጠኝ ነው ያለኝ።»

«ውሸታም። ሦስቱን ለማን ደበቅህ?»

«ገና ላልጠየቀች።»

ኪሳውኒ ውስጥ የሽምግልናው ነገር ስላላለቀ ለመጠየቅ ያፈረች አንዲት እናት አለች። የካሪሳ ሚስት ቤታቸው ልብስ ታጥባለች፤ ከሷ ነው የሰማነው። ከሁለት ቀን በኋላ ሴትዮዋ መጣች፤ ሦስቱን ሰጠኋት፤ አለቀሰች። ይህን የሚሪቲኒው ድርጅት ከየትኛው ወረቀት ያነበዋል? ሰው ሲሞትና የቤቱ ሴቶች አንድ ዓይነት ሌሶ ሲፈልጉ ዓርብም ከጸሎት በፊት ከፍቼ አውቃለሁ። እነሱ ዓርብ ይከፍታሉ?

ቆርቆሮውን ትቼዋለሁ። ሸራ ገዝቼ ሸፍኛለሁ። አንዱ አልበቃም፤ የሁለተኛ ሸራ ዋጋ ከቻልሽ ላኪልኝ።

አጎትሽ አትማን


ሙስካት፣ ሜይ 9 ቀን 2006

ለማከብርዎ አጎቴ፤ ለጤናዎ ሁልጊዜ እጸልያለሁ፤ አላህ ይስማኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሐሪብ አልታመመም።

ያያያዙልኝን ወረቀት ብዙ ሌሊት አየሁት። ሪዚኪንና ሦስቱን ጥንድ ከዚያ ወረቀት ጋር ላስታርቃቸው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ወረቀቱ ላይ ያለው ጣራ፣ ዘበኛና ምስጥ ነው።

ለአንድ ዓመት እንሞክረው። ቢበላሽ ዕቃው ይመለሳል፤ ሕንፃው የትም አይሄድም። ካሪሳን ድርጅቱ ሊቀጥረው ተስማምቷል፤ ያ የኔ ቅድመ ሁኔታ ነበር። ከሱቆቹ ጋር የሚነጋገሩት ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ እሱ አይቀየርም።

ሰኞ ሜይ 29 ከድርጅቱ አንዲት ሠራተኛ ፎርም ይዛ ትመጣለች። ዕቃው የሁለታችን ስለሆነ ያለ ፈቃድዎ አንድ ቦንዳ አይነሳም። እምቢ ካሉ ከበሩ ይመልሷት፤ አልቀየምም።

ሌላም ነገር ላስቸግርዎ። እዚህ ለጆሮ የሚደረግ ጥሩ መሣሪያ ይሸጣል። ሐኪም ዘንድ ሄደው ያስለኩና ልኩን ይላኩልኝ።

ልጅዎ ዙዌና


ሞምባሳ፣ ጁን 2 ቀን 2006

ለልጄ ለዙዌና፤ ሰላም ለቤትሽ፣ ሰላም ለልጅሽ።

እሺ አልኩ። ገብቶኝ አይደለም። ሰባት ሳምንት ዝም ያለ ሰው ቤት ችግር እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ሰኞ ኒያምቡራ የምትባል ልጅ ኮምፒውተሯን አንጠልጥላ መጣች። የደጋ ልጅ ናት፣ ትሑት። እንደማልሰማ ስታውቅ ጥያቄዎቿን በወረቀት እየጻፈች ሰጠችኝ። «ስንት ጨርቅ ነው?» ብላ ጻፈች። ሰባ ቦንዳ፣ በቦንዳ ሁለት ኮርጃ፣ በኮርጃ ሃያ ጥንድ። ጥንዱ ሁለት ጨርቅ ነው። አምስት ሺህ ስድስት መቶ ብዬ ጻፍኩላት። ፎርሙ ላይ አስገባችው፤ ፈረምኩ፤ አመሰገነችኝ።

ረቡዕ ሁለት መኪና መጣ። ከሰዓት በፊት አልቆ ነበር። ካሪሳ ከነሱ ጋር ሄደ። አረንጓዴ የሚያበራ ሰደርያና ጫማ ሰጥተውታል። ጎማው ላይ ወጥቶ በእጁ መኪና የሚያስቆም መሰለና «አለቃ፣ እዩኝማ፣ ትራፊክ ሆንኩ! መንጃ ፈቃድ!» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ከኔ ጋር ሲሠራ ጫማ ገዝቼለት አላውቅም፤ ያን ያህል ደስ ያለው ለጫማው ይመስለኛል።

መጋዘኑ ሲጸዳ ግድግዳው ላይ የአባትሽ እጅ ጽሑፍ ወጣ፤ በከሰል የተጻፈ፣ ከቦንዳዎቹ ጀርባ ተደብቆ የኖረ። የወራት ስም ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም።

ምንም አያስፈልገኝም። ሸራውን አጥፌ አስቀምጬዋለሁ።

አትማን


ሙስካት፣ ጁን 11 ቀን 2006

ለማከብርዎ አጎቴ፤ ለቀናው ልብዎ አላህ ምንዳዎን ይክፈልልኝ። እሺ ማለትዎን ድርጅቱ ነገረኝ፤ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በየቀኑ ማታ ማታ መግለጫ ይልኩልኛል፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ። አባቴ ይህን ቢያይ ይገርመው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልገጠመም። ዝርዝሩ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ይላል፤ እነሱ ቆጥረው ያገኙት ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ነው። ልክ ግማሹ። ግማሹ የት ሄደ ብለው ይጠይቁኛል። በመንገድ የጠፋ ነገር ይኖራል? ወይስ አቆጣጠሩ ነው? እባክዎ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎ ይመልሱልኝ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው አግኝቼ በእጁ ነው የላክሁት። ዕቃው እስኪገጥም ድረስ ለሱቆች አናወጣም ብለዋል፤ ከረመዳን በፊት ያለው የሻዕባን ወር ሰርግ ደግሞ እየቀረበ ነው።

የጆሮዎን ልክ እየጠበቅሁ ነው።

ልጅዎ ዙዌና


ሞምባሳ፣ ጁላይ 8 ቀን 2006

ለልጄ ለዙዌና፤ አላህ ከዚያ ሙቀት ይጠብቃችሁ። ደብዳቤሽን በሰውዬው እጅ በጁን 17 ተቀብያለሁ።

እዚህ የደቡቡ ነፋስ ገብቷል። ባሕሩ ቡናማ ሆኗል፤ ዓሣ ተወዷል። የጎረቤት ፍየሎች መጋዘኑ ባዶ መሆኑን አውቀው ደጃፉ ላይ ይተኛሉ። ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ፤ ካልተከፈተ ሻጋታ ይይዘዋል። ውስጥ ወንበር አድርጌ እቀመጣለሁ። ሰው ሲያልፍ «ምን እየጠበቅህ ነው?» የሚለኝ ይመስለኛል፤ አልሰማም፣ እጄን አነሣለታለሁ።

ካሪሳ እሑድ መጣ። በዘይት የተጠበሰ የማሐምሪ ዳቦና በኮኮናት የተሠራ አተር በላን። ስለ አዲሱ ሥራው አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ መለስኩለት።

ስለ ቆጠራው የጻፍኩት ትክክል ነው። አንድም ጨርቅ አልጠፋም። መቁጠር የነሱ ሥራ ነው፤ ራሳቸው ይድረሱበት።

አትማን


ሙስካት፣ ጁላይ 23 ቀን 2006

ለማከብርዎ አጎቴ፤ ሰላምና ጤና ይብዛልዎ። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ፤ ግን ነገሩ አስቀድሞ አልቋል፤ አልሐምዱሊላህ።

መልስዎን ብጠብቅ ስላልመጣ ድርጅቱ የላከልኝን ወረቀት በጁን 28 ፈርሜ መለስኩ። ዕቃውን ከዝርዝሩ ጋር ያስማሙት፣ በእያንዳንዱ ጨርቅ ላይ መለያ ወረቀት ይለጥፉበት የሚል ነው። መለያ መለጠፉ ገና ባያልቅም መግለጫው አሁን አምስት ሺህ ስድስት መቶ ይላል፤ ገጥሟል። ከኦገስት ሃያ ጀምሮ ለሱቆች ይወጣል።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ። ሐሪብ ከሥራ ከወጣ ስምንት ወሩ ነው። የሙናን ትምህርት ቤት የምከፍለው እኔ ነኝ፤ አልበቃም። ሕንፃውን ለመኪና ጎማ ነጋዴ ላከራየው ነው። ሰውየው አምስት ዓመት ይፈልጋል፤ ጣራውንም ራሱ ያሠራል። ወንበርዎን እዚያ ማስቀመጥዎን ሳነብ እጄ ከበደኝ፤ ግን ሌላ መንገድ አላየሁም።

ስለ ጆሮዎ ለምን አይነግሩኝም?

ልጅዎ ዙዌና


ሞምባሳ፣ ኦገስት 30 ቀን 2006

ለልጄ ለዙዌና፤ አላህ ትዕግሥቱን ይስጥሽ።

ዕቃው እሑድ ዕለት ለሪዚኪ ሱቅ ደረሰ። ሰው ልካ አስጠራችኝ። ሱቁ በሴት ተሞልቶ ነበር፤ የዓርቡ ሰርግ ቤተሰብ፣ ከአክስት እስከ ጎረቤት። ጠረጴዛው ላይ ሰማንያ ትንንሽ ላስቲክ ተደርድሯል፤ በየላስቲኩ ውስጥ አንድ ሌሶ፣ በየሌሶው ላይ መለያ ወረቀት። ሪዚኪ አንዱን ቀድዳ አወጣችና የተቆረጠውን ጠርዝ ዓይኔ ሥር አመጣችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

በጣቴ ወደ ጆሮዬ አመለከትኩ።

«ጆሮህን ተወው፣ ዓይንህ ይሠራል አይደል? ይሄ ምንድን ነው አልኩህ! ከየትኛዋ ሟች ላይ ገፍፋችሁ ነው ለሙሽራዬ የምታመጡልኝ?»

አንዲት ልጅ ሳቀች። እናትየዋ አልሳቀችም፤ ልጇን ክንዷን ይዛ አወጣቻት። ሪዚኪ ስትጮህ እኔ ቃል በቃል ሰምቻለሁ፤ ምን ያህል እንደጮኸች ገምቺ።

ማክሰኞ ሁሉም ሱቅ መልሷል። ሙሽሮቹ ሌላው የሌሶ ነጋዴ ኮምቦ ዘንድ ሄደው ገዝተዋል፤ ኮምቦ በሃያ ዓመት እንዲህ ሸጦ አያውቅም። ቁጥሩ እንዲገጥም ብለው ጥንዱን ሁሉ መካከሉን ሲከፍሉ ከሰባው ቦንዳ ሃምሳ ሰባቱ ተቆርጧል። ኪሱቱው ከላይ ስለነበረ መጀመሪያ የተቆረጠው እሱ ነው። አሥራ ሦስቱ መቀስ ሳይደርስበት ቀርቷል፤ ታችኛው፣ ቀለሙ የሚለቀው።

ድርጅቱ የያዘው ያንቺን ፊርማ ነው። የተጻፈውን አደረግን ይላል፤ ጽሑፉም እንደዚያ ነው የሚለው።

ካሪሳን አባረውታል። የሌሶ ሰው ነህ፣ ታውቅ ነበር፣ ለምን ዝም አልክ ብለው።

አትማን


ሙስካት፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2006

አጎቴ፤ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

እናቴ አዲስ ሌሶ ስትገዛ ጠርዙን በጥርሷ ይዛ መካከሉን ስትሰነጥቀው በልጅነቴ አይቻለሁ። ድምፁን አሁንም እሰማዋለሁ። ያን ወረቀት ስፈርም ግን የማየው ወረቀቱን ብቻ ነበር። ለዚህ ማንንም አልወቅስም።

ድርጅቱ ደብዳቤ ጽፎልኛል። ካሪሳ ሲባረር፣ «ከመቁረጡ በፊት ባለው እሑድ የቀድሞ አለቃዬን ጠይቄ ቁረጥ ብለውኛል» ብሎ አስመዝግቧል። ሰውየው ራሱን ለማዳን ነው ይላሉ።

ጎማ ነጋዴው ፈርሟል። ቢፈልጉም ቁልፉን መመለስ አልችልም። የተቆረጠውን በኪሎ የሚገዛ ሰው አለ፤ ለማሽን መወልወያ ይሆናል አሉ። ያልተቆረጠውን አሥራ ሦስት ቦንዳ ከዚህ ወር ማለቂያ በፊት ካላነሣን ሌላ ክፍያ ይጀምራል። እባክዎ ፈርመው ይረከቡልኝ። ሪዚኪ ከሱቋ ጀርባ ያለውን ክፍል ትሰጠናለች፤ በስልክ ለምኛታለሁ።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ካሪሳ ያለው እውነት ነው?

ዙዌና


ሚሪቲኒ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2006

እውነት ነው።

ለልጄ ለዙዌና። የምጽፍልሽ ድርጅቱ መቀበያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሌላ ወረቀት ስላልያዝኩ የርክክብ ፎርሙን ጀርባ ነው የምጽፍበት። ቁጥሬ አርባ አንድ ነው። ቁጥር የሚጠሩት በድምፅ ማጉያ ስለሆነ፣ አጠገቤ ያለችውን ልጅ ሲጠሩኝ እጄን ጎትቺኝ ብያታለሁ። እሷ አርባ አራት ናት።

ኒያምቡራ «ስንት ጨርቅ ነው?» ብላ ስትጽፍልኝ ጥንዱ ተያይዞ እንደሚመጣ አታውቅም ነበር። አለማወቋን አየሁ። ፎርሙ ላይ ባዶ ቦታ ነበረ፤ አንድ መስመር ይበቃ ነበር። ቁጥሩ አይገጥምም፣ ይጣላሉ፣ በወሩ መኪናዎቹ ይመለሳሉ ብዬ አሰብኩ። ውሸት አልጻፍኩም። ለሦስት ሳምንት ይህን ለራሴ ስል ሰነበትኩ፤ ውሸት አልጻፍኩም።

ደብዳቤሽ በጁን 17 ሲደርሰኝ በማግስቱ ብጽፍልሽ ኖሮ አትፈርሚም ነበር። ሦስት ሳምንት አስቀመጥኩት። ትራሴ ሥር ነበረ።

እሑድ ካሪሳ መጣ። ማሐምሪውን እጁ ላይ እንደያዘ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

«አለቃ፣ ነገ ቁረጡ ብለውናል። ሌሶውን። መካከሉን። መቀስ ሁሉ አድለውናል። እነዚህ ሰዎች አብደዋል ወይስ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?»

«ያዘዙህን ሥራ» አልኩት።

«ኪሱቱውንም?»

«ያዘዙህን።»

«ዙዌናስ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

ትንሽ አየኝ። «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» አለና ማሐምሪውን በላ። ሚስቴ ብትኖር ኖሮ የልቤን ካፊቴ ላይ ታነብ ነበር፤ ካሪሳ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልኩትን ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው። ለምን እንዳልኩት ብትጠይቂኝ፣ አንድ ቦንዳ ይቆርጣሉ፣ ሪዚኪ ትጮኻለች፣ ነገሩ ይቆማል ብዬ ነው። አንድ ቦንዳ ልሰጥ ቆርጬ ነበር። ለሱቆች የሚያወጡት ይህን ያህል ከቆረጡ በኋላ መሆኑን አላሰብኩም። እኔ የማውቀው መጋዘን ቦንዳ ሲፈታ ሰው ቆሞ የሚያየው መጋዘን ነው።

ሕንፃውን እንደምታከራዪው አላውቅም ነበር። ሐሪብ ሥራ እንደሌለውም። «ብትነግሪኝ ኖሮ» ልልሽ ነበር፤ ግን ልጽፈው ስል፣ እኔስ ለማን ምን ነገርኩ አልኩ።

አሥራ ዘጠኝ ተጠርቷል መሰለኝ፤ አንድ ሰው ሲነሣ አየሁ። እዚህ ክፍል ውስጥ ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው። ምስጥ የለም። ጣራው አያፈስም። ይህን መጀመሪያም ነግረሽኛል፤ ትክክል ነበርሽ። ሂሳቡም ትክክል ነበር። እኔ ባላጠፋው ኖሮ ይሠራ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሪዚኪ አሥራ ሁለቱንም ጥንድ ትወስድ ነበር፣ ኪሳውኒ ያለችው ሴትዮ ታፍር ነበር፣ ሌላው ይሠራ ነበር። ከሁሉም የሚያንቀኝ ይሄ ነው።

ጆሮዬን በማርች አስለክቼዋለሁ፤ አንቺ ሳትጠይቂኝ በፊት። ሐኪሙ መሣሪያው ይረዳሃል ብሏል። ልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ያልላክሁት፣ አልሰማሁም ማለት ብዙ ነገር ስለሚያስቀርልኝ ነው። አሁን አትላኪልኝ።

ከመስኮቱ በሩ ይታያል። ከበሩ ውጭ የቀን ሥራ የሚጠብቁ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አንድ ሃያ ይሆናሉ። ቅድም አንድ ሰው ወጥቶ ስድስቱን በጣቱ መርጦ አስገባ። ካሪሳ ከቀሩት ጋር ነው። ሰደርያውን አስመልሰውታል፤ ጫማውን ግን አድርጎታል። ስገባ አይቶኛል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እኔም ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ። ምን እንዳለኝ አላውቅም። ሰላምታም ሊሆን ይችላል።

ሰውየው እንደገና ወጣ። አራት ሰው መረጠ። ካሪሳን በዓይኑ አልፎት ሄደ፤ ያውቀዋል። ካሪሳ ቦታውን አልለቀቀም፤ ፀሐዩ ዞሮበታል።

ልጅቷ እጄን ጎተተችኝ። አርባ አንድ ተጠርቷል። የመስኮቱ ሰው ፎርሙን አምጣ እያለ በእጁ ይጠራኛል፤ ፎርሙ ግን በሁለቱም በኩል ሞልቷል፣ ላንቺ ነው የሚላከው። ቁጥሬን ለልጅቷ ሰጠኋት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም፤ ተነሥታ ሄደች።

ካሪሳን ምን እንደምለው አላውቅም። ወደ በሩ እየሄድኩ ነው።